ትልቅ ሆኖ የማይከብድ ማጥመጃ፦ ለቀይ ባሕር ጉዞ ስትሪመር ስለማሰር

(ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ለዓሣ ማጥመድ ለሚዘጋጁ ሰዎች በሐይቅ ከተማ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የዛሬው ሥራ የጣት ያህል ቦታ ላይ ስለሆነ ከርቀት አይያዝም።

ይህ ከራሱ እስከ ጭራው 20 ሴንቲሜትር የሆነ ማጥመጃ «ፍላይ» ይባላል። ቃሉ ዝንብ ማለት ነው። ወንዝ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን ለማስመሰል ትንንሽ መንጠቆ ላይ ላባ ሲያስሩ ከኖሩ ሰዎች የቀረ ስም ነው እንጂ የባሕሩስ ዝንብ አይመስልም። ትንሽ ዓሣ መስሎ እንዲዋኝ ጠጉርና ላባ የለበሰ መንጠቆ ነው፤ ስትሪመር የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው። እዚህ ሐይቅ ላይ ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣ ሰው «ይህን ሁሉ ምን አደከመ? ትል መሰካት አይሻልም ወይ?» ቢል እውነቱን ነው፤ ለድስት ከሆነ ትሉ ይሻላል። በፍላይ ዘንግ ለማጥመድ የወሰነ ሰው ግን ሌላ ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ የዛሬው ወሬያችንም ሁሉ ከዚያ ሕግ ይነሣል።

በተለመደው ዘንግ ስትወረውሩ የሚሄደው እርሳሱ ነው፤ ቀጭኑን ናይለን እየጎተተ ይወስደዋል። በፍላይ ዘንግ ግን የሚሄደው ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ማጥመጃው ተከታይ ብቻ ነው። 12 ቁጥር የሚባለው ገመድ በደረጃው መሠረት የፊተኛው 9 ሜትር ወደ 24 ግራም ተኩል ይመዝናል። ያላችሁ ጉልበት ይኸው ነው። ጫፉ ላይ ውሃ የጠጣ የጠጉር ጉብታ ካንጠለጠላችሁ ገመዱ አየር ላይ ይልፈሰፈሳል፣ መንጠቆውም ከጀርባችሁ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ትልቅ ስትሪመር ማሰር ማለት ጠጉር ማብዛት አይደለም። በጥቂት ጠጉር ትልቅ ቅርጽ መሥራት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚነፋ፣ ሲወጣ ደግሞ ውሃውን አራግፎ ወደ መጻፊያ እርሳስ ውፍረት የሚሰበሰብ።

ቅርጹን ለምን ትልቅ አደረግነው ብትሉ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤና በኮራሉ ዳር ያሉት አዳኞች ትልቅ ነገር ስለሚበሉ ነው። ጃያንት ትሬቫሊ የሚሉት ዓሣ እስከ 80 ኪሎ የሚደርስ፣ አፉ ሰፊ፣ መንጋጋው ብርቱ ነው። ባራኩዳና ኪንግፊሽ ደግሞ ጥርሳቸው ምላጭ ነው። ለመጀመሪያው የማይቃና መንጠቆ፣ ለሁለቱ የማይፈታ እስር ያስፈልጋል።

ከመንጠቆ እንጀምር። ቁጥሩ ግራ ያጋባል፤ ከዜሮ በፊት ያለው አኃዝ ሲያድግ መንጠቆው ያድጋል፣ 6/0 ከ2/0 ይበልጣል። ለ20 ሴንቲሜትር ማጥመጃ 6/0 ይዛችሁ ብትጀምሩ አትሳሳቱም። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ጨው ይችላል፤ ሆኖም ለትልቁ ዓሣ ቆርቆሮ የተቀባ ጠንካራ የካርቦን ብረት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሹልነቱን ይዞ ይቆያል፣ ዓሣው በጥሶት ቢሄድም ከጊዜ በኋላ ይዝጋል። ሹሉን አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ ጎትቱት። ቢንሸራተት ደንዟል፤ በትንሽ ሞረድ ከሥር ወደ ጫፍ ሦስት አራት ጊዜ ሳቡለት። ይህን ከማሰራችሁ በፊት አድርጉት፤ ጠጉር ከለበሰ በኋላ ሞረዱ ጠጉሩን ይበላዋል።

አሁን ወደ ዕቃው። እዚህ ላይ ወሎ የሚያስቀና ነገር አላት። ባሕር ማዶ ለዚህ ሥራ በጣም የሚታወቀው የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ጭራ ነው፤ እኛ ዘንድ ያ ዓይነቱ የለም፣ ፍየል ግን አለ። ከፍየሉ የምንፈልገው ከጭንና ከጀርባ ላይ የሚወርደውን ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ጠጉር ነው። ለስላሳ ነው፣ ውሃ አይዝም፣ ሲጎተት ይወዛወዛል። ከአጋዘኑ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ የአጋዘን ጠጉር ሥሩ አካባቢ ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ክር ሲጠብቅበት ይበተናል፤ የፍየሉ ግን ድፍን ስለሆነ ተኝቶ ይቀራል። እንዲቆም የምናደርግበትን ዘዴ በኋላ አሳያችኋለሁ። ከቆዳው ስትቆርጡት ሥሩ ላይ አጭርና ጥጥ የመሰለ የውስጥ ጠጉር ታገኛላችሁ። ጫፉን ቆንጥጣችሁ ይዛችሁ ሥሩን በቅማል ማበጠሪያ እስኪጠራ አበጥሩት። ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው፤ ክር ሥር ተጠቅጥቆ እስሩን የሚያላላውም እሱ ነው።

የበግ ጠጉር የሚያጓጓውን ሰው አውቃለሁ፤ በየደጋው ሞልቷል፣ ርካሽም ነው። ባና ያሞቀን ግን በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ በአየሩ ፈንታ ውሃ ሲገባ ያው ጠባይ ጠላት ይሆንብናል። አንድ ጊዜ ከራሰ አይለቅም። የፈረስ ጭራም ግትር ነው፣ ክር ሥር ይንሸራተታል፤ ለዝንብ ማባረሪያው ተዉት።

ከአውራ ዶሮ ወገብ ግራና ቀኝ ላይ ወደ ታች የሚወርደው ቀጭን ረዥም ላባ ለጎንና ለጭራ ይሆናል። ነጭ ላባ ጥሩ ነው፤ ገብስማው ግን የበለጠ ይፈለጋል፣ ዝንጉርጉርነቱ ውሃ ውስጥ ቅርፊት ይመስላል። ለዶሮ ወጥ ላባ ሲነጭ መጀመሪያ በደረቁ ለይታችሁ አውጡት፤ የፈላ ውሃ ከገባ በኋላ አይረባም። በሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ብል እንዳይገባበት በላስቲክ አሽጋችሁ ጥቂት ቀን በረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይበጃል።

ሌላው ዕቃ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል፦ ለሹሩባ የሚሸጠው አርቴፊሻል ጸጉር። ውሃ አይጠጣም፣ እንደ ልብ ይረዝማል፣ በየቀለሙ አለ። ያልተጠቀለለውን፣ ቀጥ ያለውን ምረጡ። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ ይተበተባል፣ ጫፉም እኩል ስለሆነ መጥረጊያ ይመስላል። መፍትሔው ከመታሰሩ በፊት ነው። አንድ እፍኝ ያዙ፣ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን እየሳባችሁ እየለያችሁ መልሳችሁ ደርቡት፤ አሥር ጊዜ ያህል ስትደጋግሙት ጫፎቹ ከፍና ዝቅ ይላሉ። መቀስ አግድም አታሳርፉበት። ማሳጠር ካለባችሁ መቀሱን ከጸጉሩ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በቁራጭ በቁራጭ ቅረፉት።

ነጭ ፍየል ቀለም ነክራችሁ ከሆነ ፈትኑት። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። በአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ቀለም የገባውን ከነጭ ጠጉር ጋር አሳድሩት። ጠዋት ነጩ ከተበከለ ያ ቀለም ለጉዞ አይሆንም።

ክሩስ? የልብስ ስፌት ክር ለመለማመድ ይበቃል፤ ፖሊስተር ይሁን እንጂ ጥጥ አይሁን። ለጉዞው ግን ጄል ስፐን የሚባለውን 200 ዴኒየር (ዴኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ነው) ክር ብታገኙ አትለፉት፤ እጃችሁን ይቆርጣል እንጂ አይበጠስም። እንከኑ ሙልጭ ያለ መሆኑ ነው፤ ባዶ ብረት ላይ ይዞራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሥሩ ሱፐር ግሉ ይፈልጋል። ክሩን የሚይዝ ቱቦ የሌላችሁ፣ የሸማኔ ቀሰም በመወርወሪያ ውስጥ እንዴት እንደሚፈታ አስቡ፤ የምንፈልገው ያንኑ ነው፣ ሲሳብ የሚለቅ፣ ሲተዉት ራሱን የሚይዝ።

ወደ ሞርሳው እንሂድ። የጋራዥ ሞርሳም ቢሆን ከንፈሩ ላይ ቆዳ ለጥፋችሁ መጠቀም ይቻላል። መንጠቆውን ጥምዙ ላይ፣ ማለትም የታጠፈው ክፍል ላይ አስይዙት፤ ቀጥ ያለው ግንዱ አግድም ይሁን፣ ናይለን የሚታሰርበት ቀዳዳ፣ ዓይኑ፣ ወደ ቀኝ።

ከዓይኑ ጀርባ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዉ። ይህቺን 3 ሚሊ ሜትር የሚበላ ሰው መጨረሻ ላይ ራስ የሚያስርበት ቦታ ያጣል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ከዚያ ጀምራችሁ ክሩን ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እስከ ጥምዙ መጀመሪያ ጠምጥሙ፣ ላዩ ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጉ፣ ሌላ ዙር መልሱበት።

ቀጥሎ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር አለ። 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን 6 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ እጠፉት፣ ሁለቱን ጫፍ ግንዱ ላይ እሰሩ፣ እጥፉ ከጥምዙ ኋላ 2 ሴንቲሜትር ያህል አግድም ይውጣ። ትንሽ ማንኪያ ይመስላል። ሥራው ጭራውን ከሥር መደገፍ ነው። ረዥም ጭራ ስትወረውሩት ወደ ኋላ ተመልሶ ጥምዙን ይጠመጥመዋል፤ ያን ጊዜ ማጥመጃው ጎባጣ ሆኖ ይሽከረከራል፣ ዓሣው ዞር ብሎ አያየውም፣ እናንተ ደግሞ ሳታውቁ ሃያ ጊዜ ትወረውራላችሁ። ናይለኑ ይህን በብዛት ይቀንሰዋል።

ጭራው ነጭ አርቴፊሻል ጸጉር ነው፣ 14 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ በጣት ሲጨመቅ የ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት። «አነሰ» ትላላችሁ፤ አብሽሩ፣ ይበቃል። ከላዩ ከግራ ሦስት፣ ከቀኝ ሦስት ላባ፣ ጎድጓዳው ጎን ወደ ውስጥ እየተያየ። ወደ ውጭ ብታደርጉት ጭራው እንደ መቀስ ይከፈታል፤ በዝግታ ለሚጎተት ማጥመጃ ያ ደስ ይላል፣ በፍጥነት ለሚጎተት ግን አየርም ውሃም ይጎትታል። ከሁለቱም ወገን አራት አራት አንጸባራቂ ክር፣ ከጭራው 1 ሴንቲሜትር አልፎ። ከዚያ በላይ ብልጭታ ጌጥ ነው።

ይህ ከኋላ ላባ፣ ከፊት የጠጉር አንገትጌ ያለው አሠራር ሌፍቲ ክሬ የተባለ አሜሪካዊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ያወጣው ነው። «ሌፍቲስ ዲሲቨር» ይባላል፤ አታላዩ እንደማለት ነው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ በፖስታ ቴምብሯ ላይ አትማዋለች። አንገትጌውን ወደ ፊት አስሮ ወደ ኋላ መገልበጥን ግን ያስፋፋው የኒው ጀርሲው ቦብ ፖፖቪክስ ነው፤ ተኝቶ የሚቀረውን የፍየል ጠጉር የሚያቆምልን ይህ የእሱ ዘዴ ነው። አሁን እጄን ተመልከቱ።

የፍየል ጠጉር፣ ሲጨመቅ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 10 ሴንቲሜትር ርዝመት። ጫፉ ወደ ፊት፣ ከመንጠቆው ዓይን አልፎ እንዲወጣ አድርጌ ግንዱ ላይ አሳርፈዋለሁ። ሁለት ላላ ያለ ዙር። በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ጠጉሩን በግንዱ ዙሪያ አዳርሰዋለሁ፤ ከታች በኩል ግን ከላዩ ግማሽ ያህል ብቻ ይሁን። ለምን? የመንጠቆው አፍ ከታች ነው። ጠጉር ከሞላው ዓሣው ሲነክስ ሹሉ ሳይሆን ትራሱ ያገኘዋል። አሁን ስምንት ጥብቅ ዙር። ከዚያ ይቺን የእስክሪብቶ ቀፎ በዓይኑ በኩል አስገብቼ ጠጉሩን ሁሉ ወደ ኋላ እገፋዋለሁ። አያችሁት? እንደ ጃንጥላ ተገለበጠ። ቀፎውን ሳላነሣ ክሩን ወደ ፊት አሻግሬ በጠጉሩ ሥር፣ ከፊቱ፣ አራት አምስት ዙር እደራርባለሁ፤ እንደ እርከን ግድብ ነው። ግድቡ ከፍ ሲል ጠጉሩ ይቆማል፣ ዝቅ ሲል ይተኛል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ዓሣው የሚያየው ሙሉ ሆድ ነው፣ ሚዛን ላይ ግን ምንም የለም።

ሁለተኛው አንገትጌ ከመጀመሪያው 8 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ ጠጉሩ 8 ሴንቲሜትር። ሦስተኛው እንዲሁ፣ 6 ሴንቲሜትር። በሦስተኛው ላይ ከላይኛው ሩብ ላይ ጠቆር ያለ ጠጉር፣ ጥቁር ወይም የወይራ ቀለም፤ የብዙ ትንንሽ ዓሣ ጀርባ ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነውና። በእያንዳንዱ ደረጃ ማጥመጃውን ወደ መስኮት አንሡት። ብርሃን በጠጉሩ መሐል ካላለፈ በዝቷል፤ ሳትሳሱ ንቀሉ።

የማጥመጃው ራስ ላይ ክሩን በክሩ በራሱ ላይ ስድስት ሰባት ጊዜ ጠምጥማችሁ ሳቡት፣ ቁረጡት። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ተለጣፊ ዓይን ግራና ቀኝ፣ እኩል ከፍታ ላይ። የዓይኑ መበላለጥ ከውበት ያለፈ ነገር ነው፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ውሃው በአንድ ወገን ይገፋና ማጥመጃው ይሽከረከራል፣ ናይለናችሁንም ይጠመዝዘዋል። ከዚያ በዩቪ፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት ጨረር፣ የሚደርቅ ሙጫ በስሱ። እዚህ ላይ የደሴን ሰው ላስጠንቅቅ፤ ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ያለ መብራት ያደርቀዋል። መስኮት ሥር ከሠራችሁ ሙጫው ገና ሳታስተካክሉት፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ ሳይቀር ይጠጥራል። ጥላ ውስጥ ቀቡ፣ ቅርጹን አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አውጥታችሁ አሽከርክሩት። በሁለት ቅመም የሚቀላቀለው ኢፖክሲ ግን ተቃራኒው ነው፤ በደሴ ብርድ ከተጻፈለት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ኮምቦልቻ ወርዶ የሠራ ሰው ልዩነቱን ያየዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ሐይቅ ላይ ፈትኑት። ዳር ቆማችሁ በሁለት ሜትር ናይለን ጎትቱት፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ስታቆሙ ጎኑን ካሳየ ተሳክቷል። በጎኑ ተኝቶ ከሄደ ከላይ ጠጉር በዝቶበታል፤ መንጠቆው ከታች ሆኖ እንደ መርከብ ሚዛን እንዲይዘው ከላይ አቅልሉት። ከዚያ በፒንሳ ጭራውን ያዙና ሳቡ፤ ጠጉር ከወጣ እስሩ ላልቷል ወይም የውስጥ ጠጉሩ አልተበጠረም። የወርቅ ቤት ወዳጅ ያለው ሰው ደግሞ ደረቁንና አንዴ ያራገፈውን እርጥብ ይመዝን። ልዩነቱ ከሰፋ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የጠጉር ብዛት ነው።

ጊዜ ስላለ ጥያቄ እንቀበል።

«ጋሼ፣ መንጠቆው ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የተመለሰች እሾህ ተዋት ወይስ ልጨፍልቃት?» ጨፍልቃት፣ በፒንሳ፣ አሁኑኑ። ሁለት ምክንያት አለ። ወፍራም መንጠቆ እሾህ ከሌለው ወደ ጠንካራ አፍ በቀላሉ ይገባል። ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ የባሕር ነፋስ ከቀኝ ሲመጣ 6/0 መንጠቆ ጆሮህ አጠገብ ያልፋል፣ አንዳንዴም አያልፍም። እሾህ የሌለው ሲወጋ ይወጣል፤ ያለው ግን ሐኪም ቤት ይወስድሃል፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ሐኪም ቤት የለም። ባርኔጣና መነጽር ሳታደርግ አትወርውር።

«ስንት ልሠር?» የምትል እህት አለች። ለአምስት ቀን ጉዞ ከአሥራ ሁለት አታሳንሺ። ትሬቫሊ ማጥመጃ አይጨርስም፤ ባራኩዳና ኪንግፊሽ ናቸው የሚቆርጡ። ስምንቱ ነጭ ሆድ ያላቸው፣ ሁለቱ ሙሉ ጥቁር ለማለዳና ለምሽት፣ ሁለቱ ደግሞ ከ12 ሴንቲሜትር የማይበልጡ፤ ዓሣው ትንንሽ ነገር ሲያሳድድ ትልቁን አይነካም። ጥርሳሞቹ ባሉበት ከማጥመጃው ፊት 20 ሴንቲሜትር ሽቦ አስገቢ፤ ሽቦ ሳይኖር ትልቁን ለመፈለግ 100 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚሉት ጠንካራ የማጥመጃ ክር በላላ ቀለበት ቋጠሮ ይታሰራል፣ ማጥመጃው እንዲወዛወዝ።

ሌላው ስለ ዝገት ነው የጠየቀው። ጨው የነካውን ማጥመጃ ከደረቁ ጋር ሳጥን ውስጥ አትመልሱ። ያንዱ ጨው እርጥበት ይስብና አዲሶቹንም ያዝጋል። የዋለውን ለብቻ ጠርሙስ ውስጥ፣ ማታ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ጭራው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይደር። የባቲንና የሚሌን መንገድ ስትወርዱም ሳጥኑን ከላይ ዕቃ አትጫኑበት።

«ላባው ቢጨማደድስ?» እንፋሎት ይመልሰዋል። ጀበናው ሲፈላ ከአፉ ላይ በሚወጣው እንፋሎት ግማሽ ደቂቃ ያህል በፒንሳ ያዙት፤ ላባው ራሱ ይዘረጋል፣ በጣት አቃኑትና ሳይነካ ይድረቅ። ብቻ ዕጣኑ ካልተነሣ ከጢሱ ራቅ በሉ፤ ጠጉር ሽታ ይይዛል፣ ሁለት ቀንም አይለቅም።